ደንብ የት ላይ ይሰበራል? ሕግና ሳይንስ በአሜሪካ የአየርና የጤና ደንቦች ውስጥ

ክቡራትና ክቡራን፣

የኢትዮጵያን አዋጆች ስጠቅስ ካልሆነ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔ ሰጠ። በሽታው አንድ ነው፤ ኮቪድ። ክትባቱም ያው ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ የተከሰሰው የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭሩ ኦሻ፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ ሠራተኞቹን እንዲያስከትብ፣ ያልተከተበውን ደግሞ በየሳምንቱ እንዲያስመረምርና ጭምብል እንዲያስደርግ የሚያዝ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ወደ 84 ሚሊዮን ሠራተኛ ይመለከት ነበር። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አገደው። ሁለተኛው ደንብ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከሚባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች በሚገኝ ገንዘብ የሚሠሩ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ሠራተኞቻቸውን እንዲያስከትቡ የሚያዝ ነበር። ይህኛው 5 ለ 4 ጸና።

ዳኞቹ ክትባቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለው አልተከራከሩም። የተከራከሩት ኮንግረስ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሰጠው ሥልጣን ላይ ነው። ኦሻ የተቋቋመበት የ1970 ሕግ የሚናገረው ስለ ሥራ ቦታ አደጋ ነው። ብዙኃኑ ዳኞች ኮቪድ በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በስታዲየምም የሚይዝ በሽታ ስለሆነ ይህን ያህል ሰው በአንድ ላይ ማዘዝ የሥራ ቦታ ደንብ መሆኑ ቀርቶ የአጠቃላይ ሕዝብ ጤና ደንብ ይሆናል አሉ። የሆስፒታሎቹ ሕግ ግን ሚኒስትሩ ለታካሚዎች ጤናና ደኅንነት አስፈላጊ ነው ያለውን ግዴታ እንዲያስቀምጥ በግልጽ ይፈቅዳል። ታካሚውን በበሽታ እንዳይለክፉ ማድረግ ደግሞ እዚያው ውስጥ የሚወድቅ ነገር ነው።

ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2021፣ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ተከራይ ከቤት እንዳይባረር ያወጣው እግድም በዚሁ መንገድ ወድቋል። ማዕከሉ የተመረኮዘበት የ1944 ሕግ በጭስ ማጽዳትን፣ በፀረ ተባይ መርጨትን፣ በበሽታ የተበከለ እንስሳና ዕቃ ማጥፋትን ይዘረዝርና «ሌሎች እርምጃዎች» ብሎ ያበቃል። ተከራይና አከራይን ማስማማት ከዚህ ዝርዝር ጋር አይዛመድም ተባለ። ሰዎች ተጨናንቀው ሲኖሩ ኮቪድ ይበልጥ እንደሚዛመት ግን ማንም አልካደም።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ደንብ ፍርድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ ሳይንሱ ተሳስቶ የወደቀበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚሰበረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የሕጉ ቃል ሥልጣኑን ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሌላው መሥሪያ ቤቱ ለቀረበለት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። የጋዜጣ ዘገባ «ፍርድ ቤቱ ሳይንስን ጣለ» ሲል ውሳኔውን አውጥታችሁ አንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ታገኙበታላችሁ።

አንድ የቆየ ምሳሌ ልጨምር። ቤንዜን ከነዳጅ የሚወጣና የደም ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ነው። ኦሻ በ1978 ሠራተኛ እንዲተነፍሰው የሚፈቀደውን ጣሪያ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 10 ከነበረበት ወደ ከሚሊዮን 1 አወረደው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ካንሰር አምጪ ነገር አስተማማኝ መጠን ስለሌለው፣ ቴክኖሎጂና ገንዘብ እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ ይደረግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ሻረው። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ አሁን ባለው መጠን ላይ ትርጉም ያለው አደጋ መኖሩን ማሳየት ነበረበት አለ። ኦሻ ተመልሶ ሠራተኛ 45 ዓመት ቤንዜን ቢተነፍስ ምን ያህል ተጨማሪ ሞት እንደሚደርስ አሰላና በ1987 ያንኑ ቁጥር፣ ከሚሊዮን 1፣ እንደገና አወጣ። ኬሚካሉም ቁጥሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ስሌቱ በጽሑፍ መግባቱ ነው። በመካከሉ ያለፉትን ዓመታት ሠራተኞቹ በአሮጌው ጣሪያ ሥር ሲተነፍሱ ኖሩ። ዛሬ በአሜሪካ የጤና ደንቦች ውስጥ የአደጋ ስሌት በየገጹ የሚገኘው በከፊል በዚህ ፍርድ ምክንያት ነው። ሳይንቲስቶች ብቻቸውን ቢሆኑ ጥያቄውን በዚህ መልክ ላያነሱት ይችሉ ነበር፤ ሕጉ ነው ያስነሳቸው።

አሁን አንድ ቁጥር ይዘን ከታች እስከ ላይ እንውጣ። ቁጥሩ 9 ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ ኢፒኤ፣ ፒኤም 2.5 ለሚባለው ደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ ጣሪያውን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም አወረደ።

ይህ እንዴት ይለካል? መሣሪያው በደቂቃ 16.67 ሊትር አየር እየሳበ ለ24 ሰዓት ይሠራል። በአንድ ቀን 24 ሜትር ኩብ አየር ያልፍበታል ማለት ነው። ብናኙ የሚቀረው 46.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ክብ የቴፍሎን ማጣሪያ ላይ ነው። ማጣሪያዋ ከመመዘኗ በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሙቀቱ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ በሆነ ክፍል ትቀመጣለች፤ ሳትሠራም ሠርታም ትመዘናለች። አየሩ ልክ 9 ላይ ከሆነ የሁለቱ ሚዛን ልዩነት 216 ማይክሮግራም ነው። አንድ የጤፍ ፍሬ ያህል ቢሆን ነው! የሰው ጣት ከነካት፣ የክፍሉ እርጥበት ከተዛባ፣ ማጣሪያዋ ከመኪና ወደ መኪና ስትተላለፍ ከተንቀጠቀጠችና ብናኙ ከረገፈ ያ ቀን ይበላሻል። በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ሊሰበሰብ ከሚገባው ቢያንስ 75 በመቶው ካልተገኘ ደግሞ ሩብ ዓመቱ ያልተሟላ ተብሎ ይመዘገባል። አንድ አውራጃ ጣሪያውን አልፏል የሚባለው በአንድ መጥፎ ቀን ወይም በአንድ መጥፎ ዓመት ሳይሆን በሦስት ዓመት አማካይ ነው። የሰደድ እሳት ጭስ ቁጥሩን ከሰቀለው ክፍለ ግዛቱ «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ከስሌቱ ይውጣልኝ» ብሎ በማስረጃ ማመልከት ይችላል። እዚህ ላይ ሳይንቲስቱና ጠበቃው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይሠራሉ። የጭሱን መንገድ የሚያሳየውን የሳተላይት ምስል አንዱ ያመጣል፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ ሌላው ያውቃል።

ቁጥሩ ራሱ ከየት መጣ? መሠረቱ በ1993 የታተመው የሃርቫርድ የስድስት ከተሞች ጥናት ነው። ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትሎ፣ አየሯ እጅግ በተበከለው በስቱበንቪል፣ ኦሃዮ የሚኖር ሰው በፖርቴጅ፣ ዊስኮንሲን ከሚኖረው ይልቅ የመሞት ዕድሉ በ26 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ፤ ማጨስና ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የግማሽ ሚሊዮን ሰው መረጃ ያለው የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጥናት ተከተለ። ኢንዱስትሪው ጥሬ መረጃው ይሰጠን አለ። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎቹ ምስጢር ቃል ገብተዋልና አንሰጥም አሉ። መፍትሔ የሆነው ግማሽ በጀቱን ከኢፒኤ፣ ግማሹን ከመኪና አምራቾች የሚያገኘው የጤና ተጽዕኖ ተቋም ነው። ሁለቱንም ጥናቶች ከጥሬ መረጃቸው ጀምሮ እንደገና አሰላና በ2000 ውጤቱ ያው መሆኑን አረጋገጠ። ጠላትም ወዳጅም የሚያምነው ሦስተኛ ወገን ማለት ይህ ነው፤ ብዙ አገር የሚጎድለውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። በጃንዋሪ 2021፣ የመንግሥት ለውጥ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጥሬ መረጃው ለሁሉም ክፍት ያልሆነ ጥናት በደንብ ሥራ ላይ ያነሰ ክብደት እንዲሰጠው የሚያዝ ደንብ ወጣ። ስሙ ግልጽነት ነበር፤ ዒላማው ግን እንደ ስድስቱ ከተሞች ያሉ ጥናቶች መሆናቸውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሞንታና የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በወሩ ሻረው። የተሻረበት ምክንያት ደግሞ ራሱ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። ደንቡ ወዲያው እንዲጸና የተደረገው «የውስጥ አሠራር ብቻ ነው» በሚል ሰበብ ነበርና።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ኢፒኤ የሕዝብን ጤና «በበቂ የጥንቃቄ ኅዳግ» የሚጠብቅ ጣሪያ እንዲያወጣና በየአምስት ዓመቱ እንዲከልሰው ያዛል። ክለሳው የሚጀምረው ጥናቶችን ሁሉ በሚሰበስብ ሰነድ ነው። ሰነዱ እያንዳንዱን ጉዳት ከአምስት ደረጃ በአንዱ ይመድበዋል፤ «መንስኤ ነው» ከሚለው ተነሥቶ «መንስኤ መሆኑ አይመስልም» እስከሚለው። ፒኤም 2.5 ለልብና ለደም ሥር በሽታ እንዲሁም ለሞት «መንስኤ ነው» በሚለው ውስጥ ገብቷል። ቀጥሎ ሰባት አባላት ያሉት የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ ሰነዱን ይመረምራል። ሕጉ ከሰባቱ ቢያንስ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ አባል፣ አንዱ ከክፍለ ግዛቶች የአየር ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች እንዲሆን ያስገድዳል። በ2022 የኮሚቴው ብዙኃን ከ8 እስከ 10፣ አናሳዎቹ ከ10 እስከ 11 አሉ። የኢፒኤ ኃላፊ 9ን መረጠ።

ኃላፊው ከኮሚቴው መለየት ይችላል። ግን ለምን እንደተለየ መጻፍ አለበት። በ2006 ኮሚቴው ከ13 እስከ 14 ብሎ ሳለ ኤጀንሲው 15 ላይ ቀረ። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ማብራሪያው በቂ አይደለም ብሎ መለሰው። ፍርድ ቤቱ «14 ይሻላል» አላለም። «ለምን 15 እንደሆነ አልነገራችሁንም» ነው ያለው። በ2012 ጣሪያው 12 ሆነ።

ወጪስ? በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው ይህን ጣሪያ ሲያወጣ ኢፒኤ ወጪን ከግምት ማስገባት አይፈቀድለትም። ይሁንና የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ለትልልቅ ደንቦች ሁሉ የወጪና የጥቅም ስሌት እንዲሠራ ያስገድዳል። ስለዚህ ኤጀንሲው ብዙ መቶ ገጽ ስሌት ያዘጋጅና ውሳኔውን የሚፈርመው ሰው እንዳላየው ይሆናል። ለ2024ቱ ደንብ ስሌቱ በ2032 እስከ 4,500 ያለጊዜው የሚደርስ ሞት ማስቀረት ይቻላል ብሏል፤ ሕጉ ግን ቁጥር 9ን በዚህ ስሌት መደገፍ አይፈቅድም። ወጪ የሚገባው ቀጥሎ ነው፣ ክፍለ ግዛቶቹ የትኛውን ፋብሪካ፣ የትኛውን የጭነት መኪና መንገድ፣ የትኛውን የእንጨት ምድጃ እንደሚቆጣጠሩ ዕቅድ ሲያወጡ።

አሁን ወደ ሁለተኛው መሰበሪያ፣ ወደ መዝገቡ። ኢፒኤ ረቂቁን የመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው በፌዴራል ሬጅስተር ያትማል፤ መረጃውን፣ ዘዴውንና የሕግ ትርጓሜውን አብሮ ማውጣት አለበት። ሕዝብ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን አስተያየት ይሰጣል። የመጨረሻው ደንብ መዝገቡ ውስጥ በሌለ መረጃ ላይ ሊቆም አይችልም። ከወጣ በኋላ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከሳሹም በአስተያየት መስጫው ጊዜ በግልጽ ያላነሣውን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ይዞ መምጣት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሺህ ሰው «ንጹሕ አየር እንፈልጋለን» ብሎ ቢጽፍ ኤጀንሲው በአንድ አንቀጽ መልሶት ያልፋል። አንድ ሰው ግን «በዚህ ሠንጠረዥ የተጠቀማችሁበት ሞዴል የክረምቱን የእንጨት ጭስ አልቆጠረም፤ ቢቆጠር ውጤቱ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ከጻፈ መልስ የግድ ነው። መልስ ካልተሰጠው ያቺ አንዲት ደብዳቤ ደንቡን ልታስወድቅ ትችላለች።

የሆነውም ይኸው ነው። በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዱ ክፍለ ግዛት ጭስ ወደ ሌላው እንዳይሻገር የወጣውን የ23 ክፍለ ግዛቶች ዕቅድ 5 ለ 4 አገደ። ጥያቄው፣ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሌላ ክስ ከወጡ የቀሩት ላይ የተጣለው ግዴታ እንዴት ይጸናል የሚል ነበር። ብዙኃኑ ኤጀንሲው ይህን አስተያየት በቅጡ አልመለሰም አሉ። በነገራችን ላይ መጀመሪያ የወጣው የፍርድ ጽሑፍ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ለማለት በተደጋጋሚ ናይትረስ ኦክሳይድ ይል ነበር፤ ይኸውም የጥርስ ሐኪም የሚያስተነፍሰው የሚያስቅ ጋዝ ነው። ወዲያው ታረመ። የኤጀንሲውን ማብራሪያ ጎዶሎ ነው ያለ ፍርድ ቤት የጋዙን ስም መሳቱ ብዙ ኬሚስት አስቆ ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥን በተመለከተ ታሪኩ ይህንኑ መስመር ይከተላል። በ1999 ጥቂት ድርጅቶች ኢፒኤ ከመኪና የሚወጡትን የሙቀት አማቂ ጋዞች እንዲቆጣጠር አመለከቱ። በ2003 ኤጀንሲው ሥልጣን የለኝም፣ ቢኖረኝም አሁን ጊዜው አይደለም አለ። ማሳቹሴትስና ሌሎች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007፣ 5 ለ 4፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሕጉ ትርጉም የአየር በካይ ነው፤ ኤጀንሲውም አደጋ አለው ወይም የለውም ብሎ በሳይንስ መመለስ አለበት፤ የውጭ ፖሊሲ ሰበብ አይሆንም አለ። መልሱ በዲሴምበር 2009 መጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ሚቴንንና ሌሎች አራት ጋዞችን ጨምሮ ስድስቱ ጋዞች የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ለአደጋ ያጋልጣሉ ተባለ። በረቂቁ ላይ ከ380,000 በላይ አስተያየት ደርሶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 አጸናው። መልሶቹ በዝርዝር ተጽፈው ስለነበር ከሳሾች የሚይዙት ክር አላገኙም።

በዚህ ላይ የተሠራው የኃይል ማመንጫዎች ደንብ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። የ2015ቱ ዕቅድ ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ፣ ወደ ንፋስና ወደ ፀሐይ መሸጋገርን እንደ «ምርጥ የልቀት ቅነሳ ሥርዓት» ቆጠረ። በፌብሩዋሪ 2016 ታገደ፤ በጁን 2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 እንዲህ ያለ ታላቅ የኢኮኖሚ ጉዳይ የኮንግረስን ግልጽ ፈቃድ ይፈልጋል አለ። የሚገርመው ኢንዱስትሪው ደንቡ ሳይሠራ እንኳን በገበያ ኃይል ብቻ ለ2030 የታሰበው ግብ ላይ አስቀድሞ መድረሱ ነው። በ2024 ደግሞ አሻሚ ሕግ ሲኖር ዳኞች የመሥሪያ ቤቱን ትርጓሜ እንዲቀበሉ ያደርግ የነበረው የ40 ዓመት አሠራር ተሻረ።

የዚህ ውጤት ሲጠቃለል ሳይሆን ሲሠራበት ነው የሚታየው። በሳይንሳዊ ፍሬ ነገር ላይ ዳኞች ዛሬም ለባለሙያው ያደላሉ፤ በሕግ ትርጓሜ ላይ ግን አያደሉም። ስለዚህ ደንብ ማፍረስ የሚፈልግ ጠበቃ ኃይሉን የሚያውለው ትርጓሜው ላይ ነው። በጁላይ 2025 ኢፒኤ ራሱ የ2009ኙን ግኝት ለመሻር ረቂቅ ሲያወጣ ግንባር ቀደም ያደረገው ክርክር ሕጉ የሚመለከተው የአካባቢ ብክለትን እንጂ ዓለም አቀፍ ሙቀትን አይደለም የሚል ነበር። የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎቹ ሪፖርት በሴፕቴምበር 2025 የ2009ኙ ግኝት ትክክል እንደነበርና ማስረጃው ከዚያ ወዲህ እንደጠነከረ ተናግሯል። ጥሩ ሪፖርት ነው። ለሥልጣን ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም፤ ያንን የሚመልሰው የሕጉን አንቀጽ ይዞ የሚከራከር ጠበቃ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባን በምን ይነካታል? ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ ኤምባሲ የፒኤም 2.5 መለኪያ አቁሞ ውጤቱን በቀለም ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ቀለሞቹ የሚወጡት ከላይ ከተናገርኩት ጣሪያ ነው። እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ 10 ማይክሮግራም አረንጓዴ ነበር፤ ጣሪያው 9 ሲሆን ያው አየር ቢጫ ሆነ። በማርች 2025 ደግሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። በሌላ አገር ሕግ የሚሠራ መለኪያ በሌላ አገር ውሳኔ ይዘጋል።

የራሳችን ሕግ ግን ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የልቀት ደረጃዎች እንዲወጡ ያዛል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለአስተያየት እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ፍርድ ቤትም እንዲመረምረው በር ይከፍታል። በአንድ ነገር የእኛ አዋጅ ከአሜሪካው ይልቅ ለጋስ ነው። ማሳቹሴትስ ባሕሩ ዳርቻዬን እየበላብኝ ነው ብላ ጉዳቷን ማስረዳት ነበረባት። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ግን ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ድርጊት ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይከሳል።

በዚህ አንቀጽ ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ የየትኛው ደረጃ የትኛው ቁጥር እንደታለፈ ይጥቀስ። ናሙና ከተወሰደ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የመሣሪያው ዓይነት ይጻፍ፤ ጠርሙስ ከሆነ ማን እንደቀዳው፣ ማን እንደተረከበው፣ ላቦራቶሪ መቼ እንደደረሰ በፊርማ ይያዝ። ይህ ሰንሰለት ከተበጠሰ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚጎትተው እሱን ነው። የቀኑ ቆጠራም ሊያከራክር ስለሚችል፣ ከመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ማኅተም የተመታበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።